ከጉድጓድና ከታንከር ሰው ማውጣት፦ ሠራተኛው ከመግባቱ በፊት የሚያልቅ የነፍስ አድን ዕቅድ

ቆቦ ላይ የመስኖ ጉድጓድ የሚጠርገው፣ ኮምቦልቻ ላይ የቢራ ማብላያ ታንክ የሚያጥበውና ደሴ ላይ የሆቴል ሴፕቲክ ታንክ የሚያጸዳው ሠራተኛ ሥራቸው አይገናኝም፤ አደጋው ሲደርስ ግን ነገሩ አንድ ዓይነት ነው። አንዱ ገብቶ ይወድቃል። ሁለተኛው «ወንድሜን!» ብሎ ይከተለዋል። ሦስተኛው ሁለቱን አወጣለሁ ብሎ ይወርዳል። የአሜሪካው የሥራ ደኅንነትና ጤና ምርምር ተቋም (ናዮሽ) እ.ኤ.አ. በ1986 ባወጣው ማስጠንቀቂያ፣ በእንዲህ ዓይነት ቦታ ከሚሞቱት ከ60 በመቶ በላይ የሚሆኑት ለማዳን የገቡ ሰዎች እንደሆኑ ገልጾ ነበር። ስለዚህ ዕቅዱ ከሁሉ በፊት ሁለተኛው ሰው እንዳይወርድ ማድረግ አለበት።

ከዚህ የሚወጣው ደንብ አጭር ነው፦ ሠራተኛው ራሱን ቢስት፣ ማንም ሳይገባ ከላይ ሆናችሁ ማውጣት የማትችሉበት ቀዳዳ ውስጥ አታስገቡት። የቀረው ሁሉ ይህን ደንብ በሥራ ላይ ማዋል ነው።

ሰዓቱ አጭር ነው። አእምሮ ያለ ኦክስጅን ከ4 እስከ 6 ደቂቃ ከቆየ ጉዳቱ ይጀምራል። ከኮምቦልቻ ደሴ ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም የሐረጎን አቀበት መውጣት አለበት፤ በክረምት ጉም ደግሞ ጨርሶ አይጣደፉበትም። አምቡላንስ የወጣውን ሰው ሆስፒታል ያደርሳል እንጂ ከጉድጓድ አያወጣም። «የነፍስ አድን ዕቅድ፦ አምቡላንስ መጥራት» ተብሎ የተጻፈ ወረቀት ዕቅድ የለም ማለት ነው።

ቀዳዳዎቹን መዝግቡ

ግቢውን ዙሩና ሰው ሊገባበት የሚችለውን ሁሉ ጻፉ፦ የውሃ ጉድጓድ፣ ሴፕቲክ ታንክ፣ ማንሆል፣ የውሃ ታንከር፣ የእህል ሳይሎ፣ የዝቃጭ ገንዳ፣ ቦይለር። አፉ ሰፊ ነው ብላችሁ አትለፉ። አንድ ሜትር ተኩል ስፋት ያለውና ሰማይ የሚታይበት የእጅ ጉድጓድም ከታች አየሩ አይንቀሳቀስም፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከአየር አንድ ጊዜ ተኩል ያህል ስለሚከብድ ከታች ተኝቶ ይቆያል።

ለእያንዳንዱ ቀዳዳ የአፉን ስፋት፣ ጥልቀቱን፣ ቀጥ ብሎ መውረዱን ወይም መታጠፉን፣ ውስጡ ምን እንደነበረ፣ ከአፉ በላይ ሦስት እግር (የማውጫ ገመዱ የሚንጠለጠልበት ማቆሚያ) የሚተከልበት ጠንካራ መሬት መኖሩን ጻፉ። አፉ ከ60 ሴንቲ ሜትር ካነሰ የአየር ሲሊንደር በጀርባው ያዘለ አዳኝ አያልፍም፤ የተዝለፈለፈ ሰውም ትከሻው ይያዛል። እንዲህ ካለ ክዳኑን ወይም ሶሌታውን አስቀድማችሁ አስፉ። አደጋ ከደረሰ በኋላ መዶሻ መፈለግ ዋጋ የለውም፤ ፍርስራሹም የሚወርደው ታች ባለው ሰው ላይ ነው።

አደጋው እንደየቦታው ይለያያል፤ ዕቅዱም እንደዚያው። በሴፕቲክ ታንክና በሽንት ቤት ጉድጓድ ውስጥ ሃይድሮጅን ሰልፋይድና ሚቴን አለ። በቢራ ማብላያ ታንክ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። በቆዳ ፋብሪካ ደግሞ ፀጉር ለመንቀል የዋለው የሰልፋይድ ፍሳሽ ከአሲዳማ ፍሳሽ ጋር በአንድ ገንዳ ሲገናኝ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ በአንድ ጊዜ ይፈላል፤ ስለዚህ ሰው ገንዳ ውስጥ እያለ ሁለቱም መስመሮች ተዘግተው ቫልቮቹ መቆለፍ አለባቸው፤ ቁልፉም የገባው ሰው ኪስ ውስጥ ይሁን። የማደባለቂያ ሞተርም ሆነ የእህል መግፊያ እንዲሁ ይቆለፋል።

በገመድ መጎተት የማይሠራባቸው ሁለት ቦታዎች አሉ። ሳይሎ ውስጥ ወገቡ ድረስ በስንዴ የተቀበረ ሰው በዊንች (ገመድ እየጠቀለለ በሚያነሳ መሣሪያ) አይወጣም፤ እህሉ ጨምድዶ ስለሚይዘው አጥንቱን ትሰብሩታላችሁ። ዙሪያውን በሳንቃ ወይም በላሜራ ከልሎ፣ ከከለላው ውስጥ ያለውን እህል እየዛቁ ማውጣት እንጂ ሌላ መንገድ የለም፤ ሳንቃዎቹ ተቆርጠው ሳይሎው ሥር መቀመጥ አለባቸው። ሁለተኛው እንደ ደላንታ የኦፓል ዋሻዎች ወደ ጎን የሚገባ ጉድጓድ ነው። እዚያ ሦስት እግር ከንቱ ነው፤ ገመዱ በመታጠፊያው ላይ ይያዛል፤ ትልቁ ፍርሃትም የጣሪያ መደርመስ ነው። ዕቅዱ የሚጀምረው በባሕር ዛፍ ድጋፍ እንጨትና በሽብልቅ ነው፤ ያልተደገፈ ጣሪያ ሥር አዳኝ አይገባም፤ የተደረመሰውንም ከሥሩ እየቆፈሩ አይስቡትም።

አየሩን መለካት

ባለ አራት ጋዝ መለኪያ ያስፈልጋል፦ ኦክስጅን፣ ተቀጣጣይ ጋዝ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድና ሃይድሮጅን ሰልፋይድ። የምትገቡበት ቁጥር ይህ ነው፦

ኦክስጅን ከ19.5 እስከ 23.5 በመቶ (ንጹሕ አየር 20.9 ነው)
ተቀጣጣይ ጋዝ ሊፈነዳ ከሚችልበት ዝቅተኛ መጠን 10 በመቶ በታች
ካርቦን ሞኖክሳይድ ከ35 ፒፒኤም (ከሚሊዮን 35 እጅ) በታች
ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ከ10 ፒፒኤም በታች

በቅደም ተከተል ኦክስጅን ቀድሞ ይነበባል። ተቀጣጣይ ጋዝ የሚለካው የተለመደው ሴንሰር ጋዙን በውስጡ አቃጥሎ ስለሆነ የሚለካው፣ ኦክስጅን በጣም ካነሰ «ዜሮ» ብሎ ሊዋሽ ይችላል።

መለኪያውን በገመድ አውርዶ ወዲያው መሳብ የተለመደ ስህተት ነው። በየ1.2 ሜትሩ፣ ማለትም ከላይ፣ ከመሃልና ከታች፣ ለየብቻ ይለካል። በቱቦ የምትስቡ ከሆነ አየሩ ቱቦውን እስኪያልፍ ለእያንዳንዱ ሜትር 6 ሴኮንድ ያህል፣ ከዚያም ሴንሰሩ እስኪረጋ እስከ ሁለት ደቂቃ ጠብቁ፤ የመሣሪያው መመሪያ ከዚህ የበለጠ ከጠየቀ እሱን ተከተሉ። የቱቦው ጫፍ ውሃ እንዳይስብ ማጣሪያ ይደረግለት፤ ውሃ የገባበት ፓምፕ ያን ቀን አይሠራም።

ለወሎ ምድር አንድ የተለየ ነገር አለ። መለኪያው ኮምቦልቻ (1,850 ሜትር ገደማ) ላይ ተስተካክሎ ደሴ (2,500 ሜትር ገደማ) ወይም ወገል ጤና ሲወጣ የአየር ግፊቱ ይቀንሳል፤ አንዳንድ የኦክስጅን ሴንሰሮችም ዝቅ አድርገው ያነባሉ። ስለዚህ በሥራው ቦታ፣ ከቀዳዳው ራቅ ብሎ፣ ከመኪና ጭስ በራቀ ንጹሕ አየር 20.9 ላይ አስተካክሉት። ጉድጓዱ አፍ ላይ ሆኖ ማስተካከል የተበከለውን አየር «ንጹሕ» ብሎ ማስተማር ነው። በሌላ በኩል ደጋ ላይ ያው 19.5 በመቶ ለሳንባ የሚያደርሰው ኦክስጅን ከቆላው ያነሰ ነው፤ ስለዚህ በደሴና ከዚያ በላይ ከ20.5 በታች ሲሆን ምክንያቱ እስኪታወቅ አለመግባት ይሻላል። ይህ ሕግ ሳይሆን የእኛ ምክር ነው።

ካርቦን ዳይኦክሳይድ በተለመደው መለኪያ ውስጥ የለም። ማብላያ ታንክ ውስጥ ንጹሕ ጋዙ አየሩን እየገፋ ሲገባ፣ ኦክስጅኑ ከ20.9 ወደ 19.5 የሚወርደው ጋዙ 6.7 በመቶ ያህል ከደረሰ በኋላ ነው፤ 4 በመቶ ግን ለሕይወት አስጊ ተብሎ የተመዘገበ መጠን ነው። ማለትም ማንቂያው ከመጮኹ በፊት ሰውየው ሊወድቅ ይችላል። ቢራ፣ ጠጅ ወይም ሞላሰስ የሚብላላበት ቦታ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሴንሰር ያለው መለኪያ ግዙ።

ስለ ሽታ። ሃይድሮጅን ሰልፋይድ የበሰበሰ እንቁላል ይሸታል፤ ወደ 100 ፒፒኤም ሲደርስ ግን አፍንጫን ያደነዝዛል። «ሽታው ጠፋ» ማለት ጋዙ ጨምሯል ማለት ሊሆን ይችላል። ከ700 ፒፒኤም በላይ ሰው በጥቂት ትንፋሽ ይወድቃል። ደግሞ ያልተነካ ዝቃጭ ዜሮ ያስነብባል፤ ሠራተኛው ገብቶ በአካፋ ሲያማስለው ነው ጋዙ የሚወጣው። ስለዚህ ከላይ ሆናችሁ በረጅም አጣና አማስሉ፣ እንደገና ለኩ፤ ሥራው እስኪያልቅም መለኪያው ሠራተኛው ደረት ላይ በርቶ ይቆይ።

ኩራዝ ወይም የሚነድ ጭድ አውርዶ መሞከር በገጠር የታወቀ ነው። ነበልባል የሚጠፋው ኦክስጅን 16 በመቶ አካባቢ ሲደርስ ነው። ከጠፋ አትግቡ፤ ካልጠፋ ግን ምንም አልተረጋገጠም፦ ካርቦን ሞኖክሳይድንም ሆነ ሃይድሮጅን ሰልፋይድን አያሳይም። ሴፕቲክ ታንክ ላይ ከሞከራችሁት ደግሞ ሚቴኑን ታፈነዱታላችሁ። ዶሮ ማውረድም እንዲሁ ነው፤ ዶሮዋ በሕይወት ብትወጣ ሰው ግማሽ ሰዓት እየቆፈረ ሊቆይበት ይችላል ማለት አይደለም። ትናንት ደህና የነበረ ጉድጓድ ዛሬ ሊገድል ይችላል፤ የአየር ግፊት በወረደ ቀን ከአፈሩ ውስጥ ያለው ኦክስጅን የጎደለው አየር ወደ ጉድጓዱ ይወጣል።

ሞተር ፓምፕን ለብቻው እናንሳ

በቆቦ ሜዳ፣ በሐርቡና በከሚሴ አካባቢ የጉድጓድ ውሃ ቤንዚን በሚጠጣ ትንሽ ሞተር ይሳባል። ሞተር ፓምፕ ውሃን የሚስበው በአየር ግፊት ኃይል ነው፤ በባሕር ወለል ላይ በንድፈ ሐሳብ 10.3 ሜትር፣ ቆቦ ከፍታ ላይ 8.6 ገደማ፣ ደሴ ላይ 7.6 ነው፤ በተግባር ከዚህ ከ2 እስከ 3 ሜትር ይቀነሳል። በግንቦትና በሰኔ ውሃው ሲሸሽ ፓምፑ «አልስብ» ይላል፤ ገበሬው ደግሞ ሞተሩን ወደ ጉድጓዱ ያወርደዋል፣ ወይም መሃል ላይ መደርደሪያ ሠርቶ ያስቀምጠዋል። የቤንዚን ሞተር ጭስ በብዙ አሥር ሺህ ፒፒኤም የሚቆጠር ካርቦን ሞኖክሳይድ ሊይዝ ይችላል፤ ሽታ የለውም። ነዳጅ ሊሞላ ወይም የቆመውን ሞተር ሊያስነሳ የወረደ ሰው እዚያው ይቀራል።

የሚሻለው ሞተሩ መሬት ላይ፣ ከአፉ ቢያንስ 10 ሜትር ርቆ፣ ነፋስ ጭሱን ወደ ጉድጓዱ በማያመጣበት በኩል ሆኖ ጀኔሬተር ሆኖ እንዲሠራ ማድረግና ውሃው ውስጥ የሚሰምጥ የኤሌክትሪክ ፓምፕ ማውረድ ነው። ያም ቢሆን ሰው ውሃው ውስጥ ቆሞ እያለ ፓምፑ አይበራም። ሞተር ውስጥ የሠራበት ጉድጓድ ደግሞ «ትንሽ ይናፈስ» ተብሎ አይገባበትም፤ ተለክቶ ብቻ ነው።

ማናፈስ

ስሌቱ ቀላል ነው። 3 ሜትር በ2 ሜትር በ2.5 ሜትር የሆነ ታንክ 15 ሜትር ኩብ ይይዛል። ከመግባት በፊት አየሩ ሰባት ጊዜ ያህል ይቀየር፤ ይህ 105 ሜትር ኩብ ነው። በላዩ ላይ በደቂቃ 25 ሜትር ኩብ የተጻፈበት ብሎወር (አየር መንፊያ) ረጅም ቱቦና አንድ ማጠፊያ ሲጨመርበት 15 ይስጣል ብላችሁ ቁጠሩ፦ 7 ደቂቃ። እጥፉን ንፉና እንደገና ለኩ። ሰው ውስጥ እስካለ ብሎወሩ አይጠፋም።

ቱቦው ከወለሉ ግማሽ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ይድረስ፤ አፉ ላይ ብቻ የሚነፋ አየር ላዩን ዞሮ ይመለሳል። የብሎወሩ መሳቢያ ከጀኔሬተሩ ጭስ ይራቅ። ጀኔሬተር በየ1,000 ሜትር ከፍታ ከኃይሉ 10 በመቶ ገደማ ስለሚያጣ፣ 3 ኪሎ ዋት የተጻፈበት ደሴ ላይ ሩቡን ያህል እንደጎደለ ቁጠሩት።

የሆስፒታልን ወይም የበያጅን ኦክስጅን ወደ ጉድጓድ መልቀቅ ፈጽሞ የተከለከለ ነው። ከ23.5 በመቶ በላይ ኦክስጅን ባለበት ልብስና ፀጉር በአንዲት ብልጭታ ይነዳል።

ከላይ የሚጎትተው ዕቃ

ይህ የዕቅዱ አካል ነውና ቸኩላችሁ አትለፉት። ሠራተኛው ከእግሩ በፊት ገመዱ ይታሰርለታል፣ እስኪወጣም አይፈታም። «ሲወድቅ እናወርድለታለን» የተባለ ገመድ ራሱን የሳተ ሰው አያስረውም።

የሚያስፈልጉት፦
ሙሉ የሰውነት ሀርነስ (ትከሻንና ጭንን የሚይዝ መታጠቂያ)፣ በጀርባው በትከሻዎቹ መሃል ቀለበት ያለው። የወገብ ቀበቶ ብቻ አይሆንም፤ ሰውየው ታጥፎ ይሰቀላል፣ አፉም ላይ ይያዛል።
2.1 ሜትር ወይም ከዚያ በላይ ከፍታ ያለው ባለ ሦስት እግር፣ እግሮቹ በሰንሰለት የተያያዙ።
ሰው ለማንሳት የተሠራና ቢያንስ 140 ኪሎ የሚችል የእጅ ዊንች፤ ገመዱ ከጥልቀቱ 3 ሜትር ይብለጥ።
ሁለተኛ፣ ለብቻው የታሰረ የመጠባበቂያ ገመድ።

የአፉ ስፋት ጠባብ ከሆነ የእጅ አንጓ ማሰሪያ ጨምሩ፤ ሁለቱ እጆች ከራስ በላይ ሲነሱ ትከሻው ይጠብባል። ሀርነሱ ሲታሰር በጭኑ ማሰሪያ ውስጥ መዳፍ ተዘርግቶ ይገባል፣ ጡጫ ግን አይገባም። ላላ ያለ ሀርነስ ሰውን በራሱ ላይ ያሾልካል።

ዊንቹ ለሰው የተሠራ መሆን አለበት የምንለው ያለ ምክንያት አይደለም። የቆፋሪዎች መዘውር አፈር ለማውጣት ነው፤ መያዣው ካመለጠ የሚያቆመው የለም። መኪና ላይ ወይም ባጃጅ ላይ አስሮ መጎተት ደግሞ ከሁሉም የከፋ ነው፦ ሾፌሩ የሰውየው ክንድ ከሶሌታው ሥር መያዙን አያይም፣ ሞተሩም አይሰማውም። ቢጫው የፕላስቲክ ገመድ ፀሐይ ሲመታው ይሰባበራል፣ ቋጠሮውም ይንሸራተታል፤ ከገበያው ሲባጎ የተሻለ ቢመስልም ሰው አይታመንበትም።

ዊንች ማግኘት ካልተቻለ አማራጩ 11 ሚሊ ሜትር የሆነ፣ ለሰው ማንሻ የተሠራ የማይለጠጥ ገመድ፣ ሁለት ካሩኮላ (ፑሊ) እና ገመዱ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚይዝ መቆለፊያ ነው። አንዱ ካሩኮላ ሦስት እግሩ ጫፍ ላይ፣ ሁለተኛው ከሦስት እግሩ ሥር ይሆናል፤ ገመዱ ከላይ ወደ ታች፣ ከዚያ ወደ ጎን ይወጣል። ገመዱን ከጫፉ በቀጥታ ወደ ጎን ከጎተታችሁት ሦስት እግሩ ይገለበጣል። ሰው፣ የረጠበ ልብስና ጭቃ 100 ኪሎ፣ ከሰበቃው ጋር 120 ያህል ይሆናል፤ አራት ሰው ሲጎትተው ለአንዱ 30 ኪሎ ይደርሰዋል። አራቱ ወደ ኋላ እየሄዱ 10 ሜትሩን ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ያወጡታል፤ መቆለፊያው ባይኖር ግን አንዱ ሲንሸራተት ሁሉም ይለቃሉ። ጎታቾቹን የሚያዘው አፉ ላይ ያለው ሰው ብቻ ነው፤ ትእዛዙም ሁለት ቃል፦ «ሳብ»፣ «ቁም»።

ከመግባቱ በፊት ሠራተኛውን ግማሽ ሜትር አንሥታችሁ አንጠልጥሉት። ሦስት እግሩ ቢንሸራተት፣ ሀርነሱ ቢላላ፣ ዊንቹ ቢንተፋተፍ እዚህ ይታያል። ጉድጓዱ ውስጥ ያለው መሰላል፣ ቧንቧና የፓምፕ ኬብል ገመዱን ሊይዙ ስለሚችሉ ወደ አንድ ጎን ይታሰሩ። ሁለት ሰው አንድ ላይ ከገባ ገመዶቹ ይጠላለፋሉ፤ ስለዚህ ቀጥ ባለ ጉድጓድ አንድ ሰው ብቻ ይግባ።

ማን ምን ያደርጋል

ትንሹ ቡድን አራት ሰው ነው፦ ገቢው፣ አፍ ጠባቂው፣ ዊንቹን የሚያዞረው፣ ስልክና ሕዝብ የሚይዘው። ሦስት ብቻ ከሆናችሁ ሥራው ይቆይ።

አፍ ጠባቂው ሌላ ሥራ የለውም። ባልዲ አይቀበልም፣ ሲሚንቶ አያቦካም፣ ስልክ አያወራም። በምንም ምክንያት አይገባም፤ አባቱ ቢሆን እንኳ። ዝምድና ያለውን ሰው አፍ ጠባቂ አለማድረግ ይመረጣል፤ ወንድሙ ሲወድቅ ቆሞ የሚያይ ሰው የለም።

ንግግር የማይሰማ ከሆነ በገመድ ምልክት ይግባቡ፦ አንድ ጊዜ መሳብ ደህና ነኝ፣ ሁለት ጊዜ ገመድ ልቀቅ፣ ሦስት ጊዜ ገመድ ሰብስብ፣ አራት ጊዜ አውጣኝ። አፍ ጠባቂው በየሁለት ደቂቃው ይጠይቃል። መልስ ካላገኘ አንድ ጊዜ ይደግማል፤ ከዚያ ዊንቹ ይዞራል። ፎርማን አይጠየቅም፣ ኢንጂነር አይጠበቅም። የመለኪያው ማንቂያ ከጮኸ፣ ብሎወሩ ከቆመ፣ ሰውየው ሲያወራ ከተኮላተፈ ወይም ያለ ምክንያት ከሳቀ እንዲሁ ይወጣል። በከንቱ የወጣ ሠራተኛ አሥር ደቂቃ ያባክናል፤ ሌላ ኪሳራ የለውም።

ገብቶ ማውጣት ግድ ሲሆን

ቀዳዳው የሚታጠፍ ከሆነ ወይም ሰውየው ከተያዘ አዳኝ መግባቱ አይቀርም። ይህ የሚፈቀደው በጀርባ የሚታዘል የአየር ሲሊንደርና ሙሉ የፊት ጭምብል ላላቸው፣ በዚያም ለሠለጠኑ ብቻ ነው። ሁለት ሲገቡ ሁለት ተዘጋጅተው ውጭ ይቆማሉ። ማጣሪያ ያለው ጭምብል ኦክስጅን አይሠራም፤ የተነከረ ፎጣማ ጭራሽ።

6.8 ሊትር የሆነ፣ በ300 ባር የተሞላ ሲሊንደር አየሩ ሊያልቅ ሲል የሚያስጠነቅቀው ፉጨት (55 ባር ገደማ) እስኪሰማ 1,600 ሊትር ያህል ይሰጣል። የሚሸከምና የሚጨነቅ ሰው በደቂቃ 50 ሊትር ይተነፍሳል፦ ወደ 30 ደቂቃ። ለመውጫ ከመግቢያው እጥፍ አየር አስቀሩ፤ ማለትም ከሚጠቀሙበት አንድ ሦስተኛው ሲያልቅ ወደ ኋላ ይዞራሉ፤ ሰው ተሸክሞ መውጣት ከመግባት በእጅጉ ይዘገያል። ለወደቀው ሰውም ትርፍ ጭምብል ይወሰድለት።

ይህ መሣሪያ ያለው በአብዛኛው የከተማው እሳት አደጋ ክፍል ወይም ትልቅ ፋብሪካ ነው። ከእነሱ ጋር አስቀድማችሁ ተነጋገሩ፤ ቦታውን በእግራቸው መጥተው ይዩት። ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅባቸው በመኪና ለኩ እንጂ በግምት አትጻፉ። የመንገድ ቁጥር ስለሌለ «ከመስጊዱ ጀርባ፣ ከወፍጮ ቤቱ ታች» የሚል አድራሻ ጻፉ፤ አንድ ሰው አስፋልት ዳር ቆሞ ይቀበላቸው። መድረሻቸው ረጅም ከሆነ ገብቶ ማውጣት የሚጠይቀው ሥራ ያለ እነሱ አይጀመር።

ሕዝቡና ቅሬው

«የሰው ያለህ!» ሲባል መንደሩ በሙሉ ይደርሳል። ይህ የወሎ ሰው ደግነት ጉድጓድ አፍ ላይ አደጋ ይሆናል፦ የሃምሳ ሰው ክብደት ያልተገነባ የጉድጓድ ጠርዝ ይንዳል፣ አየሩን ይዘጋል፣ ከመሃሉም የሚዘል አይጠፋም። ሥራው ከመጀመሩ ከአንድ ቀን በፊት የቅሬውን (የወሎ ዕድር ነው) ዳኛ አነጋግሩ። ሁለት ነገር ይጠየቁ፦ አደጋ ቢደርስ ሕዝቡን ከአፉ 10 ሜትር የሚያርቁ አራት ጠንካራ ሰዎች፣ የቤተሰቡን አባላት የሚይዙ ሁለት ሽማግሌዎች። ሕዝቡን የሚያግድ ገመድም አስቀድሞ ዙሪያውን ይወጠር። ባዳ ፎርማን «ተመለሱ» ቢል የሚሰማው የለም፤ ዳኛው ካሉ ግን ይሰማል።

ከወጣ በኋላ

ከአፉ ራቅ አድርጋችሁ፣ ነፋስ ከሚመጣበት በኩል አስተኙት። የሀርነሱን የጭን ማሰሪያ ፍቱ፤ ተቀምጦም ሆነ ቆሞ አይቆይ፣ ተጋድሞ ይሁን። ካልተነፈሰ 30 ጊዜ ደረቱን መጫን፣ ሁለት ጊዜ መንፋት፤ ጥልቀቱ 5 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር፣ ፍጥነቱ በደቂቃ ከ100 እስከ 120። ከሴፕቲክ ወይም ከሰልፋይድ ገንዳ የወጣን ሰው አፍ ለአፍ አትንፉ፤ ባለ ቫልቭ ጭምብል ወይም የእጅ መተንፈሻ ፊኛ ተጠቀሙ፣ ልብሱንም አውልቁ። ወድቆ አንገቱ የተጎዳ ቢመስልም መርዝ ካለበት ጉድጓድ መጀመሪያ ይውጣ፤ አንገቱን መጠበቅ ከላይ ይደርሳል።

ወተት አታጠጡት። ራሱን የሳተ ሰው ወተቱ ወደ ሳንባው ይገባል፤ ለጋዝ መመረዝም መድኃኒት አይደለም።

መለኪያው ያነበበውን ቁጥርና ውስጡ የነበረውን ነገር ጽፋችሁ ከአምቡላንሱ ጋር ላኩ። በሞተር ጭስ የተጎዳ ከሆነ ይህን በግልጽ ንገሩ፤ ጣት ላይ የሚደረገው የኦክስጅን መለኪያ በካርቦን ሞኖክሳይድ ለተመረዘ ሰው «98» ብሎ ሊያሳስት ይችላል። ነቅቶ «ደህና ነኝ» ቢልም ሆስፒታል ይሂድ።

ልምምድ

በዓመት ቢያንስ አንድ ጊዜ፣ አዲስ ቡድን ከሆነ ደግሞ ከመጀመሪያው ሥራ በፊት ይደረግ። ቱታ ውስጥ 80 ኪሎ አሸዋ ሞልታችሁ ሀርነስ አልብሱት፤ ወደ እውነተኛው ጉድጓድ አውርዱትና ማስታወቂያ ሳይሰጥ «ወደቀ» በሉ። ከጥሪው እስከ አፉ ያለውን ሰዓት ያዙ። ከ3 ደቂቃ ካለፈ ዊንቹን ወይም ሰውን ቀይሩ፤ አንዳንድ የእጅ ዊንች ጥንካሬ ቢኖረውም በጣም ዝግ ይላል፣ 12 ሜትር ላይ ይህ ይታወቃል። ብዙውን ጊዜ የሚበላሸው ግን የሰው ነገር ነው፦ ስልክ የሚደውለው ሰው ባትሪው አልቋል፣ ቁልፉ ሌላ ሰው ጋ ነው፣ አፍ ጠባቂው ገመዱን ለመርዳት ቦታውን ለቋል።

ወረቀቱ

አንድ ገጽ ይበቃል፦ ቀን፣ ቀዳዳው፣ የመለኪያው ንባብ በሰዓቱ፣ የአራቱ ሰዎች ስም፣ ስልኮች፣ የኃላፊው ፊርማ። ለአንድ ፈረቃ ብቻ ያገለግላል፤ ለምሳ ከተወጣ እንደገና ይለካል፣ እንደገናም ይጻፋል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሥራ ቦታን ደኅንነት የመጠበቅና ሠራተኛውን የማሠልጠን ግዴታ አሠሪው ላይ ጥሏል፤ በቀን ክፍያ የተቀጠረ ቆፋሪ ነው ብሎ ማምለጥ አይቻልም።

ከአደጋ በኋላ ሰው ያንጠለጠለው ሀርነስና ገመድ ተመርምሮ እንጂ ወዲያው ሥራ ላይ አይውልም፤ ከከፍታ የወደቀን ሰው የያዘ ከሆነ ይጣላል። ከፍተኛ ጋዝ ያገኘው ሴንሰርም ሊደክም ስለሚችል መጠኑ በታወቀ የመፈተሻ ጋዝ ይፈተሽ። ጉድጓዱ ተከድኖ ይቆለፍ፣ ጠባቂም ይደርበት፤ ማታ የተጎዳውን ሰው ስልክ ወይም አካፋ ላውጣ ብሎ የሚወርድ ዘመድ አይጠፋም።